ግዛቸው ያለበት ገደል

ጋሽ ሰይፉ ማረፋቸውን የነገረችኝ አስካለ ናት፤ መሐል ሜዳ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከፎቶ ቤታቸው ጎን ልብስ የምትሰፋው። እኔ አሁን የምሠራው ዓለም ከተማ ነው። ስልኩ ሲጠራ አንድ ባለጉዳይ ፊቴ ቆሞ ስለነበር «ቆይ መልሼ እደውላለሁ» ልላት ስል «ጋሼ አረፉ እኮ» አለችኝ። ጉንፋን ነው ብለው እንደተኙ በዚያው ቀሩ። መንገዱ ያን ሰሞን ዝግ ስለነበር ለቀብራቸው እንደማልደርስ ሁለታችንም ዐውቀናል። ከዚያ ያስደወላትን ጉዳይ ነገረችኝ።

«ለለቅሶው የሚያዝ ፎቶ አጣን። የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያነሡ ኖረው የራሳቸው የለም። አንቺ ዘንድ ይኖር ይሆን?»

ስልኬን ፈትሼ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ዓይናቸውን ታክመው የተመለሱ ዕለት ከሚኒባስ ሲወርዱ ያነሣኋቸው ነው። ቀኝ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፤ አፋቸውን ከፍተው «ተይ አንቺ ልጅ!» እያሉ ሲቆጡኝ ይታያሉ። እሱኑ ላክሁላት። አስካለ ወዲያው ደወለች። «ፋሻውን አጥፊልን እንጂ፣ አንቺ ይህ ያቅትሻል?» አለችኝ። ልሞክር ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከፋሻው ሥር ያለውን ዓይን እኔ ከየት አመጣዋለሁ? እንዳለ ያዙት አልኳት።

ፎቶ ቤቱ የገባሁት ዐሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ዓመት ነው። ኮምፒውተር ተምሬያለሁ ብዬ ነበር ሥራውን የጠየቅሁት፤ እውነቱን ለመናገር የተማርኩት መክፈትና መዝጋት ነበር። ጋሽ ሰይፉ ይህን በገባሁበት ቀን ነቁብኝ። «መዝጋቱን አሳምረሽ ተምረሻል፣ መክፈቱን ቀስ እያልን እናየዋለን» አሉኝና ሳቁ። እሳቸው ያደጉት በፊልም ዘመን ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሲያጥቡ ጣቶቻቸው በመድኃኒት በልዘዋል። ማውሱ ግን እንቢ አላቸው። ስለዚህ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ያዝዛሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ለዓመታት እንዲህ ኖርን።

አጭር፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። የመንዝ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ እሳቸው ግን ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እጅጌውን ባዶውን ያንጠለጥሉታል። ከገጠር የመጣ ገበሬ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ሲደርቅባቸው «ግብር ሊያስከፍልዎት የመጣ የለም፣ ፊትዎን ይፍቱት!» ብለው ይጮኹበታል፤ ሰውየው ደንግጦ ሲስቅ ያን ጊዜ ያነሡታል። አንድን ቀለም አጥርተው ማየት ሲፈልጉ ደግሞ እጃቸውን ጨብጠው በመካከሉ ትንሽ ቀዳዳ ይተዉና ዓይናቸው ላይ ደግነው ያዩታል። ዙሪያው ያለው ቀለም እንዳያታልል ነው ይላሉ። እኔም ለምጄው ዛሬ ቢሮ ውስጥ ሳደርገው ሰው ይስቅብኛል።

የፎቶ ቤቱ እንጀራ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ ክብሩ ግን የለቅሶ ፎቶ ነበር። በእኛ አገር ለቅሶ ሲሆን የሟቹ ልብስና ፎቶው ተይዞ ይዞራል፤ አልቃሿም የምትገጥመው እሱን እያየች ነው። ስለዚህ ሰው የሞተበት ዘመድ አንዲት መታወቂያ ላይ ያለች፣ ማኅተም ግማሽ ፊቷን የመታት ፎቶ ይዞ ወደኛ ይሮጣል። እኛ ማኅተሙን እናጠፋለን፣ ፎቶውን እናሳድጋለን፣ በሕይወቱ ሱፍ ለብሶ የማያውቀውን ሰው ሱፍ እናለብሰዋለን። ጋሽ ሰይፉ በዚህ አያፍሩም ነበር። ብቻ ዘመዱን አስቀምጠው ይጠይቁታል። «ሲስቅ ጥርሱ ይታይ ነበር? ቆቡን ወደየት ነበር የሚያዘነብለው?» አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አንገት ላይ ክራባት ሳስገባ እጄን ያዙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሙት አይናገርም ብለሽ ታንቂዋለሽ? ላላ አድርጊለት እንጂ» አሉኝ።

ማንም ያላዘዘው አንድ ፎቶ ግን ነበር። እኔና እሳቸው «ገደሉ» እንለዋለን። የተነሣው ጌሼ ውስጥ ነው፣ ከራቤል አለፍ ብሎ፣ እሳቸው በተወለዱበት መንደር። ከፊት የታጨደ የገብስ ማሳ አለ፤ ማሳው ሲያልቅ መሬቱም ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ በገደሉ ላይ አንዲት ቀጭን መንገድ እየተጠማዘዘች ወደ ቆላው፣ ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች። ሸለቆውን ጭጋግ ሞልቶታል፤ ፀሐይ ከማዶ እየወጣች ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው ግን ጋሼ ስለነገሩኝ እንጂ ፎቶው ላይ ስላየሁት አይደለም። ፀሐይን ፊት ለፊት ስላነሡ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል፤ ከሥሩ ያለው ገደል ጥቁር ነው። ፊልሙም አርጅቶ ሁሉ ነገር ወደ ቀይ አድልቷል። ለማያውቀው ሰው የተበላሸ ፎቶ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን «ልጣለው?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ያን ጠዋት ያየሁት ብርሃን እንዲህ አልነበረም» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ብርሃኑ ከላይ አልመጣም። ከታች ነው የመጣው፣ ከቆላው። ጭጋጉን ከሥሩ አበራው። ቀለሙ አዲስ ጧፍ ነው፤ ቢጫ እንዳትይኝ፣ ነጭም እንዳትይኝ። ጥላ ውስጥ ያለው ሣር እንኳ ተለይቶ ይታይ ነበር። ካሜራው ነው እንጂ ያላየው እኔማ አይቻለሁ። ያየሁትን ታወጪልኛለሽ።»

መጀመሪያ ለፎቶ ቤቱ ግድግዳ የሚሆን ጌጥ ፈልገው መስሎኝ ነበር። መብራት ባለበት ከሰዓት በኋላ ሁሉ፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ መጋረጃውን ጋርደው «በይ ገደሉን አምጪው» ይሉኛል። ቀይዋን ቀንሺ፣ ሰማዩን አውርጂ፣ ጥላውን ክፈቺ። «ትንሽ! ትንሽ አልኩሽ እኮ፣ በር አይደለም የምትከፍቺው!» ስንት ወር እንዲህ ከለፋን በኋላ ነው «ጋሼ፣ ግን ለማን ነው?» ብዬ የጠየቅኋቸው። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

ታናሽ ወንድማቸው ግዛቸው በደርግ መጨረሻ ለውትድርና ተመልምሎ ሲሄድ የተነሣ ፎቶ ነው። ጋሽ ሰይፉ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን አንድ ፎቶ ቤት ሥራ ይማሩ ነበርና የአሠሪያቸውን ካሜራ ተውሰው ሊሰናበቱት መጡ። እናታቸው ከደጃፍ አላለፉም፤ ታላቅ እኅታቸው እትዬ ዘነቡ ደግፈዋቸው ቀሩ። ጋሼ ብቻ እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኙት። ግዛቸው መንገዷን ይዞ ወረደ።

«መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ዘወር አለ» አሉኝ። «ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ለብሶ ነበር። ከትከሻው አወረደና ወደ ላይ አነሣልኝ። ያኔ ነው ካሜራውን የተጫንኩት። ቤት ስመለስ እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹ዘወር ብሎ አየን?› አለችኝ። ‹አዎ፣ ባናውን አነሣልን፤ ፎቶው ላይ አለ፣ ሲታጠብ ታይዋለሽ› አልኳት። ሲታጠብ ይኸው ጥቁር ሆነ።»

ግዛቸው አልተመለሰም። መንግሥት ሲለወጥ የዚያ አገር ልጆች በእግራቸው እየተንጠባጠቡ ገቡ፤ እሱ የለበትም። አየሁት የሚል ሰው ጠፋ፣ መርዶም አልመጣም። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር የንስሐ አባታቸው «ነፍሱ ያለ ጸሎት አትቅር» ብለው እናትየዋን ለቅሶ አስቀመጧቸው። የሚያዝ ልብስ የለም፤ የነበረችውን ለብሷት ሄዷል። ሌላ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። እናትየዋ ያን የገደል ፎቶ ይዘው ለቅሶው መካከል ገቡ። አልቃሿ ፎቶውን አየችና ጨነቃት፤ ከዚያ እንዲህ ብላ ገጠመች፦

«ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ይዞ የሰው ፎቶ፣
የእኔ ልጅ ገደል ነው ጭጋግ መሃል ገብቶ።»

«ግማሹ ሰው ያለቅሳል፣ ግማሹ አበደች ይላል» አሉኝ ጋሼ። «እናቴ ግን ጣቷን ከመታጠፊያው ላይ አላነሣችም። ‹እዚህ ጋ ነው፣ ጨለመብኝ እንጂ እዚህ ጋ ነው› እያለች ነበር የምትዞረው።» እናትየዋ ሳያዩት ሞቱ። የቀሩት እትዬ ዘነቡ ናቸው። እሳቸውም በስልክ ሲያገኟቸው ከጤና ይስጥልኝ ቀድሞ «ታየ?» ነው የሚሉት። ጋሼም «ብርሃኑ ገና ነው፤ ብርሃኑ ልክ ሲመጣ ይታያል» ይሏቸዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶውን እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም። መታጠፊያው ላይ አንድ ጠቆር ያለ ነገር ነበር፤ ጥላውን በከፈትኩ ቁጥር ከዚያ የሚወጣው ሰው ሳይሆን ነጠብጣብ ነው። «ጋሼ፣ ድንጋይ መሰለኝ» ብያቸው ዐውቃለሁ። «ድንጋይ ባና አይለብስም» አሉኝና ወሬውን ዘጉት። አንድ ቀን ግን አንጀቴን ስለበሉኝ ያሰብኩትን ተናገርኩ። አንድ ባና የያዘ ሰው ከሌላ ፎቶ ወስጄ፣ አሳንሼ፣ መታጠፊያው ላይ ላስቀምጥላቸው። የጥፍር ታህል ስለሆነ ማንም አይለየውም።

እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «ምን አልሽ?» አሉኝ፣ ከወንበሩ ተነሥተው።

«ስንቱን ሱፍ ስናለብስ እንውል የለ ጋሼ…»

«ሱፍ ልብስ ነው! ሰውየውን ሠርቼ ዐውቃለሁ? የሰውየውን ፊት ለውጬ ዐውቃለሁ? ግዛቸውን እኔ ከሠራሁትማ የለበትም ማለት ነው። ያን ጊዜ ለእናቴም ዋሽቻታለሁ ማለት ነው። ብርሃኑን ብቻ! አንቺ ብርሃኑን አስተካክይ፣ እሱ ራሱ ይወጣል።» እስከ ማግስቱ አላናገሩኝም።

ዓይናቸው መድከም የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ግራው ቀድሞ ጠፍቶ ነበር፤ ቀኙን ሞራ ሸፈነው። እሳቸው ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ እኛ ያወቅነው በፎቶዎቹ ነው። የቀረበላቸው ሁሉ ቢጫ ሆነባቸው። «ይህ ሁሉ ቢጫ ከየት መጣ? አውጪው!» ይሉኛል። አወጣለሁ። «አሁንም አለ፣ አውጪው!» የመታወቂያ ፎቶዎቹ ሰማያዊ እየሆኑ ሄዱ፤ ደንበኞቻችን ሁሉ ውርጭ የመታው ባቄላ መሰሉ። አንዲት ሴት ፎቶዋን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችውና «ጋሼ፣ ሞቼ ነው እንዴ ያነሡኝ?» አለቻቸው። አስካለ ከጎረቤት ሰምታ በሳቅ ሞተች። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ካፖርታቸው ጫፍ ላይ ሲጠርጉ ቆዩ።

የደንበኛውን ፎቶ ዝም ብዬ አስተካክዬ እሰጥ ጀመር። ገደሉን ግን እንዳዘዙኝ ሠራሁት፤ ያየሁት ብርሃን አይደለምና የእኔን ዓይን ልጭንባቸው አልፈለግሁም። እያደር ጭጋጉ እንደ ቀለም ብልቃጥ በለዘ። አንድ ከሰዓት በኋላ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ሊያስነኩ ደርሰው እጃቸውን ጨብጠው ሲያዩ ቆዩና ድምፃቸው ተለወጠ።

«ሰናይት፣ አየሽው?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ትከሻውን! ይኸው ትከሻው። ባናው ወደ ላይ ሄዷል፣ አየሽው?»

እኔ የማየው ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው። «አልታየኝም» አልኳቸው። «አንቺ የት ታውቂዋለሽ» አሉኝ፣ እየሳቁ። እንደዚያ ሰሞን ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም። እየመጡ ያዩታል፣ ቀና ብለው ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ። ለእትዬ ዘነቡም ደውለው «ትከሻው ወጥቷል፣ የቀረው ፊቱ ነው» አሏቸው። በስልኩ ውስጥ የእትዬ ዘነቡ እልልታ ለእኔም ተሰማኝ።

ደብረ ብርሃን ነፃ የዓይን ሕክምና መጥቷል ሲባል ሂዱ ብዬ የጎተጎትኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸውም እሺ ያሉት ለራሳቸው ብለው አይደለም። «ሞራው ከተገፈፈ ፊቱንም እለያለሁ» አሉኝ። ሄዱ፣ ተገፈፈላቸው፣ ፋሻውን ይዘው ተመለሱ። ፋሻው የተፈታ ዕለት ከፎቶ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ሰማዩን ማን ቀባው?» አሉ። አላፊ አግዳሚው ሳቀ። የአስካለን ቀሚስ አዩ፣ የእኔን እጅ ገልብጠው አዩ፣ መንገድ ላይ የወደቀ የብርቱካን ልጣጭ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ገብተው «በይ ገደሉን አምጪው» አሉኝ። ከፈትኩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ገደሉ ነው ጋሼ።»

«ማን ነው እንዲህ ያጨማለቀው?»

አስካለ መርፌዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበርና «እርስዎ ነዎታ፣ ሌላ ማን ይሆናል!» አለቻቸው። ተቀመጡ። ፈገግ ያሉ መሰሉኝ። ከዚያ «ሁሉንም ጣይው። ከፊልሙ ጀምሪ» አሉኝ።

ዓመታት የፈጀብን ነገር በዚያ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አዲሱ ዓይናቸው አይሳሳትም ነበር። ሰማዩን አስወረዱኝ። ጭጋጉን ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ጀምሬ እንዳሞቀው አደረጉኝ፣ በጣም በጥቂቱ። ማሳው ላይ ያለውን ቀይ አወጡ፣ ጥላው ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ ተዉ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «ተይው። አትንኪው» አሉኝ።

እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ። ስንት ዓመት የሰማሁትን ያን ጊዜ አየሁት። ብርሃኑ በእውነት ከታች ነበር የመጣው። ጭጋጉ አዲስ ጧፍ መስሎ ከውስጥ በርቷል፤ ቢጫ ልትለው አትችልም፣ ነጭም አይደለም። ገደሉ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ድንጋዩ ከድንጋይ፣ ሣሩ ከሣር ተለየ። እንባዬ መጣ። «ይኼ ነው?» አልኳቸው። «ይኼ ነው» አሉኝ።

ከዚያ እጃቸውን ጨብጠው ዓይናቸው ላይ ደገኑና መንገዷን ከላይ ጀምረው ወረዱ። መታጠፊያው ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ አሳድጊው።»

አሳደግሁት።

«ጨምሪ።»

ጨመርኩ። ጫፉ የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ ነው። ምንም የሚያሻማ ነገር የለውም።

«ዐውቀዋለሁ» አሉ። «ልጆች ሆነን እየወጣን የምንዘልበት ድንጋይ ነው።»

«ከኋላው ይሆናላ ጋሼ። ድንጋዩ ከልሎት ይሆናል።»

«የለም። ባናውን ሲያነሣልኝ ከድንጋዩ ወዲህ ነበር። አይቼዋለሁ።» እጃቸውን ከዓይናቸው ላይ አወረዱ። «እሱን ሳይ ቆየሁ። ዓይኔን ከእሱ አንሥቼ ካሜራው ላይ ማድረግ አቃተኝ። ስጫነው አልፏል። አርፍጄ ነው የተጫንኩት።»

አላለቀሱም። ብችል ኖሮ ያን ጊዜ ሞራውን እኔው መልሼ በሸፈንኩላቸው። አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን ስከፍት ስልካቸው ጠራ፤ እትዬ ዘነቡ ናቸው። «ዓይንህ ዳነልህ? ታየ?» ሲሉ ይሰማኛል። ጋሼ ስልኩን እንደያዙ ፎቶውን አዩት። «ይዤልሽ እመጣለሁ እትዬ» አሏቸው።

ፎቶውን በትልቁ አተምነው፣ በፍሬም አደረግነው። ገብስ የሚታጨድበት ወር ነበር። መንገዱ ክፍት መሆኑ ሲሰማ አብሬያቸው ሄድኩ፤ አዲሱን ዓይናቸውን ገና ስላልለመዱት እግራቸውን የሚጥሉበት ይጠፋቸው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ተጓዙ። እኔም ምን ሊሉ እንዳሰቡ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

እትዬ ዘነቡ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ ፎቶውን ከጋሼ እጅ ተቀብለው ወደ ደጃፉ ብርሃን ወጡ። ጽሑፍ የሚያነብቡ ይመስል ዓይናቸውን ወደ መስታወቱ አቀረቡ። ጣታቸው ማሳውን አለፈ፣ መንገዷን ይዞ ወረደ፣ መታጠፊያው ላይ ቆመ።

«ይኸው!» አሉ። «ይኸው ግዛቸው! ይኸው ባናውን አንሥቶ! አወይ ልጄ፣ አወይ የእናቴ ልጅ፣ ለካ ዘወር ብለህ ነበር!» ድንጋዩን ሳሙት። እልል ሲሉ ጎረቤት ወጣ። «እማዬ ምነው በኖርሽ! ምነው ይህን አይተሽ በሞትሽ!» እያሉ መሬት ቁጭ አሉ፣ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ከዚያ ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩ።

«እሱ አይደል ሰይፉ?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ወንድሜን እኔ አልሠራውም ብለው የጮኹብኝ ሰው አጠገቤ ቆመዋል።

«እሱ ነው እትዬ» አሉ።

በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ቀን አሳዝኖኝ አያውቅም። ጎረቤቱ ተራ በተራ እየመጣ ፎቶውን ያያል፤ እትዬ ዘነቡ ጣታቸውን እያስቀመጡ ያሳያሉ፤ ሰውም «እውነት ነው፣ ይኸው» ይላል። ይታያቸው አይታያቸው አላውቅም። ጋሼ የቀረበላቸውን ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ተዉት። ሊተኙ ሲሉ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ሞራዋ ነበረች የምታሳየኝ። ምነው ባልተገፈፈችብኝ» አሉኝ። ከዚያ ጉዞ በኋላ ካሜራ አልያዙም። ሥራውን ለእኔ ተዉልኝና ከአስካለ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ ጀመር፤ እኔም ዓለም ከተማ ሥራ ሳገኝ ቤቱ ተዘጋ።

የማልረሳው ግን እትዬ ዘነቡ ቤት ያደርንበትን ማግስት ጠዋት ነው። ማልጄ ተነሥቼ ወጣሁ። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። በታጨደው ማሳ አልፌ እስከ አፋፉ ሄድኩና ቆምኩ። ሸለቆው ጭጋግ ሞልቶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከታች፣ ከቆላው በኩል፣ ጭጋጉ ከሥሩ እየበራ መጣ። መንገዷ ታየች፣ ሣሩ ታየ፣ መታጠፊያው ላይ ጫፉ የተሰነጠቀው ድንጋይ ታየ። ያተምነው ራሱ ነበር፤ ምንም አልሳትንም። እየሮጥኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

«ጋሼ! ኧረ ይውጡ፣ ይምጡና ይዩት! ብርሃኑ መጥቷል፤ ያው ራሱ ነው!»

መደቡ ላይ ቁጭ ብለዋል። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ግድግዳውን ነው የሚያዩት።

«ዐውቀዋለሁ ልጄ» አሉኝ፣ ሳይዞሩ። «ማንም የለበትም።»